ከቀዩ በታች

ጥር 6

ይህን ደብተር የተወችልኝ ልጄ ኢክራን ናት። ወደ ጅቡቲ ስትመለስ አልጋዬ ላይ አስቀምጣው ሄደች። የሚያነጋግርሽ ሰው ሲጠፋ ጻፊበት አለችኝ። እንደሚጠፋ አውቃለች ማለት ነው።

ባርኸድ ከሞተ አንድ ወር አለፈው። የሞተው ታኅሣሥ 3 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጭ ለብሼ ቤት ተቀምጫለሁ። አራት ወር ከአስር ቀን፣ ዒዳዬ እስኪያልቅ፣ ከግቢ አልወጣም፤ ሽቶም ሂናም አልነካም። ሁለተኛ ሚስቱ ቱሪያም ሳቢያን ሠፈር ባለው ቤቷ እንደኔው ነጭ ለብሳ ተቀምጣለች። በአንድ ቀን ገባን፣ በአንድ ቀን እንወጣለን። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከእሷ ጋር አብሬ የሠራሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው። አነጋግሬያት አላውቅም።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሠፈራችን የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት። የማስበው በሶማሊኛ ነው፤ የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ የተማርኩት በእሱ ነዋ። ያን ጊዜ ባርኸድ "አሁን ምን ቀርቶሽ ልታነቢ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። ቤት የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ የሚያነብልኝ እሱ ነበር። የፈለገውን ያህል እያነበበ የፈለገውን ይዘላል።

እጄ ደከመ።

ጥር 13

ዐብዲወሊ መጣ። በወጣትነታቸው ከባርኸድ ጋር በአንድ ቡድን ብስክሌት የተወዳደረ ሰው ነው። ዛሬ ለመቀመጥም ለመነሳትም ጉልበቱን ይይዛል። እሱ በረንዳ ላይ፣ እኔ መጋረጃ ጀርባ ሆነን ተነጋገርን። የድሮ ብስክሌተኞች ተሰብስበው ከዒድ በኋላ፣ እሑድ ሚያዝያ 13፣ በባርኸድ ስም ውድድር ሊያዘጋጁ ነው። ዐብዲወሊ የባርኸድን ኮርሳ፣ የውድድር ብስክሌቱን፣ እየነዳ ከፊት ሊመራ ይፈልጋል።

ኮርሳው ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። አረንጓዴ ነው። ባርኸድ የግቢውን በር ሲቀባ ቀለም ተረፈውና ኮርሳውንም ደረበው። አሁን በሩም ኮርሳውም እኩል ተላልጠዋል።

"እንዲህ ሆኖ ሰው ፊት አይወጣም" አለ ዐብዲወሊ። "ቀለሙን አንቺ ምረጪ። የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።"

ምርጫ የለውም አልኩት፤ ቀይ ነው። አባቴ ቤት ሊያየኝ ሲመጣ በቀይ ኮርሳ ነበር የመጣው። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቀለሙ ገና ስላልደረቀ ቀሚሴን ነክቶት እናቴ ተቆጣችኝ። "ላንቺ ብዬ ነው የቀባሁት" አለኝ ባርኸድ። በኋላ ብዙ ነገር ብሎኛል፣ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ይህችን ግን ይዣታለሁ።

ለቅሶ የመጣው ያ ሁሉ ሰው የት ሄደ? ዐብዲወሊ እንኳን የመጣው ለብረቱ ነው።

ጥር 18

ቀለም ቀቢው ዐብዲሐኪም መጣ። ሥራው ባጃጅ መቀባት ነው። እኔ ወደ እሱ መሄድ ስለማልችል ኮምፕረሰሩን በጋሪ ጭኖ ግቢዬ አስገባው። ከሱብሂ ሰላት በኋላ ጀምሮ እስከ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው። ከዚያ ነፋሱ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ይዞ ይነሳና እርጥብ ቀለም ላይ ይለጥፈዋል።

በስምንት የወተት ጣሳ ክዳን ስምንት ዓይነት ቀይ ቀብቶ ግንቡ ላይ ደረደረልኝ። "ድሬ ላይ ቀለም በጥላ አይመረጥም፣ እናቴ" አለኝ። "ፀሐይ ላይ ይዋል፣ ከዚያ ትፈርጂያለሽ።" በመጋረጃው ክፍተት ሳያቸው ዋልኩ። ጠዋት ደም የመሰለው እኩለ ቀን ላይ ብርቱካን ሆነ። አንዱ ከረሜላ መሰለ። የእኔ ሦስተኛው ነው።

ከአንድ ወር በላይ ነጭ ልብስ፣ ነጭ ግንብ፣ ነጭ ሰማይ ሳይ ከርሜ ዓይኔ ክዳኖቹ ላይ ቀረ። ምሳ መብላት ረሳሁ።

ጥር 24፣ ዓርብ

ጦልሃ መጣ። የቱሪያ ልጅ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ባርኸድ ከሞተ ጀምሮ በየዓርቡ ሽንኩርቱንም ዱቄቱንም የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ኤዶ ይለኛል፤ ሶማሌ የአባቱን ሚስት የሚጠራው እንዲህ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም። ጆሮው የአባቱ ነው። ጆሮውን አላየውም።

ክዳኖቹን አይቶ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከአስር በኋላ ተመልሶ መጣ፣ ከኪሱ አንድ ክዳን አወጣ። ሰማያዊ።

"እናቴ ቀይ አይደለም፣ ሰማያዊ ነበር አለች።"

ኮርሳው አርባ አራት ዓመት እዚህ ቤት ኖሯል አልኩት። ቀይ ነበር፣ አንዴ ጥቁር ሆነ፣ መልሶ ቀይ ሆነ፣ አሁን አረንጓዴ ነው። ሰማያዊ ሆኖ አንድ ቀን አላደረም። እናትህ ከጅግጅጋ ፈትታ ስትመጣ ቀይ ሆኖ ነው ያገኘችው፤ የሰው ባል መሆኑን የሚያስረሳ ነገር ቀለምም ያስረሳል ወይ በላት።

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ለእሱ መናገር አልነበረብኝም። ግን ለማን ልናገር?

የካቲት 3

ሌላ ሰማያዊ ክዳን። ከፊተኛው ፈዘዝ ያለ። ሦስተኛውን ቀይ ላክሁላትና ዓይንሽን ታከሚ በላት አልኩት። ጦልሃ "እሺ ኤዶ" አለ። "ሰላም ብላሻለች" ብሎ እንደሚነግራት አውቃለሁ። ከእሷ ዘንድ የሚያመጣልኝም መልእክት ሁሉ በስኳር የተለወሰ ነው።

የካቲት 9

አራተኛ ሰማያዊ። ይሄኛው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ምን እየፈለገች ነው?

ዐብዲሐኪም ክዳን አለቀበት። እናንተ እስክትስማሙ የሠፈሩ ሕፃን ሁሉ ወተት ሲጠጣ ሊኖር ነው ይላል። ከግንቡ ወዲያ ጎረቤቴ ሃምዳ ለእህቷ ስታወራ ሰማሁ፦ ሁለት አሮጊቶች በሳይክል ተጣሉ፣ ሰውየው ሞቶም አልተገላገለም። ሁለቱም ሳቁ። ሃምዳ ከለቅሶው ወዲህ ደጄን አልረገጠችም፤ የእኔን ጉዳይ ግን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

ጦልሃን ዓርብን ሳትጠብቅ ማክሰኞ ትመጣለህ ወይ አልኩት። ለቀለሙ ነው የጠየቅሁት።

የካቲት 14

ቱሪያ ያለችው፣ ጦልሃ ሳይለውጠው ይመስለኛል፣ ይህ ነው፦ ስንነታረክ ዒዳችን ሊያልቅ ነው፤ ቀቢው ይፋቀው፤ ብረቱ ላይ ቀድሞ የተቀባው የትኛውም ይሁን፣ ኮርሳው እሱን ይቀባ፤ ሁለታችንም አፋችንን እንዝጋ።

ሳቅሁ። እሺ በላት አልኩት። በራሷ እጅ ፈረደችልኝ። ዐብዲሐኪም እሑድ ይፍቃል። ጦልሃ ምስክር ልሁን ብሎ ነበር፣ ሥራህን ሥራ አልኩት። የባሌን ብረት ለማየት የእሷ ምስክር አያስፈልገኝም።

የካቲት 17፣ እሑድ

ተፋቀ።

ዛሬ አልጽፍም።

የካቲት 18

ዐብዲሐኪምን ሁሉንም ፋቀው አልኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ብረቱ እስኪነጣ። ዝገት እንዳይኖርበት ነው አልኩት። ዝገት የለውም እናቴ አለኝ። ፋቀው አልኩት። ፋቀ። ጠርጌ አቃጠልኩት፣ ትቢያውን ማለቴ ነው።

ይህንንም ለማንም አትናገር አልኩት። እኔ ብረት ነው የምቀባው እንጂ ወሬ አልቀባም አለ። ቀና ብሎ ግን መጋረጃውን አየ።

የካቲት 19

ጦልሃን "ቀይ ነው የተገኘው" ብለህ ንገራት አልኩት።

"አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልን" አለ። ደስ አለው። ፊቱን ሳይ የምቀመጥበት ጠፋኝ።

የካቲት 20

መልሷ መጣ። "ደግ። ቀይ ይሁን።" ሌላ ምን አለች ብለው ሌላ የለም አለኝ። ተሳደበች? አልተሳደበችም። አለቀሰች? ስፌቷን ይዛ ነበር አለኝ።

የካቲት 26

ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ተኝቷል። እኔ እንቅልፍ የለኝም። ኢክራን ትደውላለች ብዬ ስልኩን አጠገቤ አስቀምጫለሁ። ባለፈው ሳምንት አልደወለችም። የዛሬው ሳምንትም አላለቀም።

ያየሁትን ልጻፍ። ደብተሩን የሚያነበው የለም።

ዐብዲሐኪም የብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ ነክሮ በጣቱ ጠቀለለና ፔዳሉ ከሚታሰርበት ሥር፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ፣ እያዞረ አሸ። ክብ ሆነ። ከዳር አረንጓዴ። ቀጥሎ ቀይ፣ ጥቁር፣ መልሶ ቀይ። እዚህ ድረስ እኔ የማውቀው ነው። ልቤ ሞላ፤ ይበቃል ልለው ነበር። እሱ ግን ሥራ የሚወድ ሰው ነውና አንዴ ደግሞ አሸው። መሐሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ወጣች። ከእሷ በታች ብረት ብቻ።

የፋብሪካው ቀለም ይሆናል አልኩት። ባርኸድ አሮጌውን ነበር ከአንድ ግሪክ የገዛው። ዐብዲሐኪም በጨርቅ ወልውሎ ተጠግቶ አየ። አይደለም አለኝ። የፋብሪካውን መጀመሪያ ሙልጭ አድርጎ ፍቆታል፤ ይሄ የብሩሽ ፈለግ አለው፤ በእጅ ነው የተቀባው። ሁለት እጅ ነው የሚመስለው አለ፤ አንዱ ወፍራም ይቀባል፣ አንዱ ስስ።

እኔ ያወቅሁት ቀይ ሆኖ ነው። ቱሪያ ከጅግጅጋ ስትመለስም ቀይ ነበር። ሰማያዊውን ያየችው እንግዲህ

ይህን ሒሳብ አልጨርሰውም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባሌን ወሰደችብኝ ብዬ ለሰማ ላልሰማ ተናግሬያለሁ። ሰው አዝኖልኛል። ያ ኀዘናቸው የእኔ ሀብት ነበር። እሱንስ ለማን ልመልስ?

መጋቢት 2

ረመዳን ገባ። ዐብዲሐኪም ፀረ ዝገቱን ቀባ። ግራጫ ነው፤ አመድ ይመስላል። ለብቻዬ አፈጠርኩ። ሦስት ተምር፣ ውኃ፣ ትናንት የተረፈ ሾርባ። ባርኸድ በረመዳን አንድ ቀን እዚህ፣ አንድ ቀን ሳቢያን ነበር የሚያፈጥረው። እሱ በማይመጣበት ቀን እንዲህ ነበር የምቀመጠው፤ ስለዚህ ለምጄዋለሁ። አዲስ ነገር አይደለም።

መጋቢት 12

ክዳን መምጣት ከቆመ ሠላሳ ሦስት ቀን።

ዛሬ በጦልሃ ላክሁባት፦ መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ይደረግበት ወይስ ቢጫ? "እንደወደድሽ" አለች። መሪው ላይ የሚጠቀለለው ጥቁር ይሁን ወይስ ነጭ? "እንደወደድሽ።" ኮርቻውስ? ጦልሃ ኮርቻውን ሳይጠይቃት ተመለሰ። ኤዶ፣ እሷ እኮ ተስማምታለች፣ ከዚህ በላይ ምን ትበል አለኝ።

ልክ ነው። ምን ትበል።

መጋቢት 20

ቀይ ተቀባ። ሁለት ጊዜ። ዐብዲሐኪም ከሱብሂ ጀምሮ ትንፋሹን ይዞ ነው የሠራው፤ አንድ ቅንጣት አቧራ የለበትም። ሙዝ ዛፉ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ሲዞር ያበራል። ያ ቀይ ነው። ልክ ያ። አባቴ ደጅ የቆመው።

ኢክራን በስልክ ፎቶ ላኪልኝ አለች። መላክ አላውቅም አልኳት። አውቃለሁ።

መጋቢት 27

ዐብዲሐኪም በር ላይ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ከማን ጋር እንደሆነ አላወቅሁም። "አቦ፣ አሮጊቷ ቀለም አይደለም ያስፋቀችኝ" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ሥራው አልቆ ነበር፤ ለመሰናበት የገባ ነው። ኮምፕረሰሩን ለምን አልወሰድክም አልኩት። ነገ እወስዳለሁ አለ። ችግር የለም፣ ይቀመጥ አልኩት። ግቢው ውስጥ የሌላ ሰው ዕቃ ሲኖር ይሻላል።

ሚያዝያ 2

ዒድ። ከተማው ሁሉ አዲስ ለብሶ ሰላት ሄደ። ተክቢራውን ከበሩ ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። እኔ ነጬን ለብሼ ዋልኩ። ሃምዳ በልጇ ሐልዋ ልካልኝ ልጁ በሩ ላይ አስቀምጦ ሮጠ።

ጦልሃ ቀትር ላይ በቱሪያ እጅ የተሠራ ሩዝና ሥጋ አመጣ። በሠላሳ አንድ ዓመት ከእሷ ቤት ምግብ ገብቶ አያውቅም። ለምን ላከች አልኩት። ብቻዋን ናት አለች፣ አለኝ።

ሰሐኑን አጥቤ ሰጠሁት። ባዶ ሰሐን አይመለስም፤ ምን ላድርግበት ብዬ ቤቱን ዞርኩት። የላክሁት ስኳር ነው። ለዋሸኋት ሴት ስኳር።

በልቼዋለሁ። ጨው በዝቶበታል። ሁሉንም በላሁት።

ሚያዝያ 3

ደወልኩላት። ቁጥሩን ከጦልሃ ወሰድኩ። ደብዳቤ መጻፍ እችል ነበር፤ አሁን እችላለሁ። ግን ቱሪያ ቁርአን ትቀራለች እንጂ የአማርኛ ፊደል አታውቅም፤ ልጇ ሊያነብላት ነው። ሰው ወረቀት ይዞ ሲያነብልሽ ፊቱን እያየሽ መጠበቅ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር በልጇ አፍ እንድትሰማው አልፈለግሁም።

"ማነው?"

"ዩሩብ ነኝ።"

ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል።

"ጦልሃ ምን ሆነ?" አለች። ለካ እኔ ልደውልላት የምችለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

ጦልሃ ደህና ነው አልኳት። ከዚያ የተዘጋጀሁበት ሁሉ ጠፋኝና በአንዴ ወረወርኩት። "ከታች ሰማያዊ ነበር። አስፍቄ አጠፋሁት።"

"አውቃለሁ" አለች።

እንዴት ታውቂያለሽ አልኳት። መጋላ ሠፈር፣ አባቷ ሱቅ ጀርባ ነው የተቀባው አለችኝ። ነጭ ቀለም ላይ ሰማያዊ ጨምረው በዱላ አማስለው፣ ጣሳውን እሷ ይዛ፣ ብሩሹን ከባርኸድ ጋር ተራ በተራ እየተቀባበሉ። አስራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ ደረሰባቸው። ቁምጣ ለብሶ ከተማ ለሚዞር ሰው ልጄን አልሰጥም አለ። በሁለተኛው ወር ጅግጅጋ ለአንድ ነጋዴ ዳሯት። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ድምጿ አልተለወጠም፤ የገበያ ነገር የምታወራ ነው የሚመስለው።

"ታዲያ ቀይ ነው ስልሽ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንድ ሰው እንዲያውቅልኝ ነበር የፈለግሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሌባ ተብያለሁ። አንቺ በዓይንሽ አየሽው። በቃኝ።"

ቀዩን ላንቺ ብዬ ነው የቀባሁት ብሎኝ ነበር አልኳት። ለምን ይህን እንዳልኩ አላውቅም። ሕፃን መሰልኩ።

"እውነቱን ነው" አለች። "ላንቺ ብሎ ነው የሸፈነው።"

ካርድ ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ዘጋሁ። ካርዱ አላለቀም ነበር።

ሚያዝያ 4

ዐብዲሐኪምን ሰማያዊ ቀባው አልኩት። ግንባሩን በመዳፉ መታ።

"እናቴ፣ ወላሂ ከዚህ የተሻለ ቀይ በሕይወቴ አልቀባሁም።"

አውቃለሁ አልኩት፤ ያምራል፤ ቀባው። የትኛውን ሰማያዊ አለኝ። እዚህ ላይ ሁለታችንም ቆምን። ያቺን የምስር ፍሬ እኔ ነኝ ያጠፋኋት። ቀለሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጦልሃን ላክሁት። ቱሪያ መጀመሪያ "አታስቀይሪው፣ ይቅር፣ ቀይ ይሁን" አለች። ይቅር ማለት ለእሷ ቀላል ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። መልሼ ላክሁት። ማታ አንድ ክዳን መጣ። ከላከችልኝ ውስጥ አንዱም እሱ አልነበረም፣ ይሄኛው ግን ይቀርበዋል ብላለች።

ያን ሁሉ ክዳን ስትልክ እኔን ለማብሸቅ ይመስለኝ ነበር። እየፈለገችው ነበር እንዴ?

ሚያዝያ 8

ነፋስ። ሁለት ቀን ሙሉ ነፋስ። መቀባት አልተቻለም። ውድድሩ እሑድ ነው።

ሚያዝያ 9

ሌሊቱን ነፋሱ ቆመ። ዐብዲሐኪም ሱብሂን እዚሁ ግቢ ሰገደና ጀመረ። ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ፣ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ቀዩ ከታች ነው። እንዳይፋቅ ነገርኩት።

ሚያዝያ 10

ዐብዲወሊ መጥቶ አየው። ጮኸብኝ ማለት አይቻልም፣ ትልቅ ሰው ነው፤ ግን ኮርሳውን ሁለቴ ዞረው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቀዩን ነው አለ፤ ባርኸድ ያሸነፈው በቀይ ነው፤ ይሄ የማን ሳይክል ነው ሲሉኝ ምን እላለሁ?

"ምረጪ ብለኸኛል። መረጥኩ።"

ምክንያቱን ንገሪኝ አለ። ብነግረው ከተማው በሙሉ ለሠላሳ ዓመት ያዘነልኝን ነገር ይስቅበታል። ቱሪያም ደግሞ አሁን በስተርጅና ስሟ በየሻይ ቤቱ ይዞራል። አልነገርኩትም። ሙቀቱ ጭንቅላቷን ነክቶታል ብሎ ለኢክራን ደወለላት። ኢክራን ወዲያው ደወለችልኝ። ለእብደት ሲሆን ይደወላል።

እማ፣ የአባቴን ነገር ለምን ታበላሺዋለሽ አለችኝ። የአባትሽን ነገር እኔ አላበላሸሁም አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። ልጨምር ፈልጌ ነበር።

ሚያዝያ 11፣ ዓርብ

ዒዳዬ አለቀ። ታጥቤ ነጩን አውልቄ ቡናማውን ድራ ለበስኩ። ሰፍቶኛል። ሽቶ ትንሽ ነካሁ። ከዚያ በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ ቆምኩ። አራት ወር ከአስር ቀን ይህችን ቀን ስቆጥር ነበር። ወዴት እንደምሄድ ግን አላሰብኩም ነበር።

ሃምዳ በመንገድ ስታልፍ አየችኝ። "ወጣሽ?" አለች። ወጣሁ አልኳት። እሷ አለፈች፤ እኔ ተመልሼ ገባሁ።

ሚያዝያ 13፣ እሑድ

ውድድሩ ዛሬ ነበር። በጠዋት ብቻዬን ለገሃር ወረድኩ። ከባቡር ጣቢያው ፊት ሰው ሞልቷል። የባርኸድን ፎቶ በትልቅ ወረቀት አሠርተው ሰቅለዋል። አብሮት የኖረ ሁሉ ከፊት ተሰብስቦ ነበር፤ ወንበር አምጡላት ያለ ግን አልነበረም። ዐብዲወሊ አየኝና ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ኮርሳውን ሰማያዊ ማስቀባቴ ደርሷቸዋል።

ከዛፉ ጥላ ዳር ቆምኩ። ቱሪያ መጣች። ጦልሃ በባጃጁ አምጥቷት ነው። ወፍራለች፤ በትር ይዛለች። ሰው መንገድ ለቀቀላትና በእኔና በእሷ መሐል ባዶ ቦታ ሆነ። ሁሉም ሊያዩን ዞሩ። እሷ ያንን ባዶ ቦታ በበትሯ እየመታች አቋርጣ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሰላምታ አልተሰጣጠንም።

ኮርሳው ወጣ። ዐብዲወሊ ቀስ ብሎ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ ከፊት ሆኖ ነዳው። ፀሐይዋ ከከዚራ ሠፈር ዛፎች መሐል ስታገኘው ሰማያዊው በራ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ይሄ የባርኸድ አይደለም፣ የባርኸድ ቀይ ነበር አለ። ሌላው፣ አሮጊቷ ናት ያበላሸችው አለ። ሌላ ሴት ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ወደፊት ብቻ አየሁ። አርባ አራት ዓመት ከኖርኩበት ከተማ የማውቀው ሰው ሁሉ ከኋላዬ ቆሞ ስለእኔ ያወራል።

ቱሪያ ኮርሳው ወደ ከዚራ እስኪታጠፍ ድረስ ዓይኗን አላነሳችም። ከታጠፈም በኋላ ባዶውን መንገድ ታይ ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ።

"አይደለም" አለች። "ትንሽ ይጠቁር ነበር።"

ደሜ ፈላ። ሰው ሁሉ የጠላኝ ለዚህ ነው? ለቀይ ሁለት ጊዜ፣ ለሰማያዊ ሁለት ጊዜ፣ ያን ሁሉ ካስቀባሁ በኋላ? ልናገራት ዞርኩ። ፊቷን ከዚህ ቅርበት አይቼው አላውቅም ነበር። እያላገጠች አልነበረም። ዓይኖቿን ጨፍና፣ ያኔ መጋላ የያዘችው ጣሳ ውስጥ እያየች ነበር።

"ምን ያህል ይጠቁር ነበር?" አልኳት።